ደም ሲሰጥ የሚመጣ ችግርን በስኪል ላብ ማስተማር፦ በስፖንጅ ክንድ፣ በአንድ ተዋናይና በሁለት ስልክ

ሲሙሌሽን (እውነተኛ ሁኔታን አስመስሎ ማለማመድ) ሲነሳ በብዙ የነርሲንግ ኮሌጆች መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማኒኪን አላችሁ ወይ?» የሚል ነው። ማኒኪን፣ ማለትም የሰው ቅርጽ ያለው የማለማመጃ አሻንጉሊት፣ መኖሩ ጥሩ ነው። ሆኖም ተማሪ ወርድ ገብቶ ሰው ሊጎዳባቸው ከሚችሉት ስህተቶች ብዙዎቹን ያለ ውድ ማኒኪን ማሠራትና ማረም ይቻላል። እዚህ አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናሳያለን፤ ደም እየወሰደች ያለች ታካሚ ሪአክሽን (ሰውነቷ በሚሰጣት ደም ላይ የሚያሳየው ጎጂ ምላሽ) ሲነሳባት ተማሪው ምን እንደሚያደርግ።

ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለ። ደም መስጠት ከሐኪሙ ትእዛዝ በኋላ ከሞላ ጎደል የነርስ ሥራ ነው፤ ስሙን የሚያመሳክረው፣ ጠብታውን የሚቆጥረው፣ የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ አጠገቡ ቆሞ የሚያየው ነርስ ነው። ከባድ ሪአክሽን ደግሞ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ባጋጠመ ዕለትም ተማሪው «እስቲ ዞር በል» ይባላል እንጂ እጁን እንዲያስገባ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በአታችመንት (በሆስፒታል የተግባር ልምምድ) ብቻ የተማረ ልጅ አንድም ቀን ደም ሳያቆም ሊመረቅ ይችላል።

ለአንድ ዙር 6 ተማሪ፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ ረዳትና አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። ክፍሉ 60 ተማሪ ካለው 10 ዙር ይሆናል፤ ሁለት ክፍል ጎን ለጎን ከተሠራ በሁለት ቀን ያልቃል።

ክንዱ

የፋብሪካ የአይቪ ክንድ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ይህን ክፍል እለፉት። ከሌለ እንዲህ ይሠራል። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ ቁረጡ፤ የፍራሽ ቤት ቁራጭ ይበቃል። በላዩ ርዝመቱን ተከትላችሁ ጥልቀቱ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ቦይ አውጡ። በቦዩ ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ የውስጥ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የላቴክስ ቱቦ አስተኙ። ቱቦው በሁለቱም በኩል ከስፖንጁ ይውጣ። ከላይ የተሰነጠቀ ጓንት ሁለት ድርብ አድርጋችሁ ወጥሩና ከሥር በፕላስተር እሰሩ።

ተራ የአይቪ ሴት (ፈሳሽን ከከረጢት ወደ ደም ሥር የሚያወርደው መሣሪያ) ቱቦ ለደም ሥርነት አይሆንም። ፕላስቲኩ ደረቅ ስለሆነ መርፌው ይንሸራተታል፣ ሲገባም በአንዴ ሁለቱን ግድግዳ በስቶ ያልፋል። ላቴክስ ግን ሲነካ ይመለሳል፣ ሲወጋም ያ «ጥፍ» የሚል ስሜት በጣት ይታወቃል። ተማሪው መልመድ ያለበት ይህንኑ ስሜት ነው።

የቱቦውን የላይኛውን ጫፍ ቀይ ውሃ ከያዘ ከረጢት ጋር አገናኙ፤ ከረጢቱ ከክንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀል። የታችኛው ጫፍ እንደ ሥራው ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ካኑላ (በመርፌ ገብቶ ደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ለማስገባት ስታለማምዱ የታችኛው ጫፍ ይዘጋ፤ ያኔ ቱቦው ውስጥ ግፊት ይኖርና ካኑላው ሲገባ ደም ወደ ኋላ ብቅ ይላል። ደም የመስጠቱን ትእይንት ስትሠሩ ደግሞ የላይኛውን ዝጉ፣ የታችኛውን ክፈቱና አልጋው ሥር ወደተደበቀ ጀሪካን አውርዱት። ይህን ካልቀየራችሁ የሚሰጠው «ደም» መሄጃ አጥቶ ጠብታው በሁለተኛው ደቂቃ ይቆማል፤ ተማሪዎቹም ሪአክሽኑን ትተው የተዘጋ ካኑላ ሲያክሙ ትእይንቱ ያልቃል።

ክንዱ ማፍሰስ ሲጀምር ቱቦውን ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ ያልተወጋውን ክፍል ወደ መሃል አምጡ። 18 ቁጥር ካኑላ ከ22 ቁጥር ቀድሞ ስለሚያበላሸው፣ ለመጀመሪያ ልምምድ ሰማያዊውን (22)፣ ለመጨረሻው ፈተና አረንጓዴውን (18) ስጡ።

ካኑላውን አስቀድማችሁ ጨርሱ

ካኑላ ማስገባት ገና የሚከብደውን ልጅ ትእይንት ውስጥ አታስገቡ። አእምሮው መርፌው ላይ ከተጠመደ ታካሚዋ ስትንቀጠቀጥ አያያትም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ክህሎቱ ለብቻው ይሠራ።

የፔይተን አራት እርምጃ ለዚህ ምቹ ነው። በመጀመሪያው አስተማሪው ምንም ሳይናገር በእውነተኛው ፍጥነት ይሠራል። በሁለተኛው ቀስ ብሎ እያንዳንዷን እያስረዳ ይሠራል። በሦስተኛው ተማሪው ይናገራል፣ አስተማሪው የተባለውን ብቻ ያደርጋል። በአራተኛው ተማሪው ራሱ እየተናገረ ይሠራል። ጊዜ ሲያጥር የሚዘለለው ሦስተኛው ነው፤ ከአራቱ ግን ይህን ባትነኩት ይሻላል። ተማሪው «ቶርኒኬቱን እሰር» ማለት ረስቶ «ውጋ» ካለ፣ አስተማሪው ሳያስር ይወጋል፤ ልጁ የጎደለውን ራሱ ያገኘዋል። «ቶርኒኬቱን ፍታ» ሳይል መርፌውን ካስወጣም እንዲሁ።

የስፖንጅ ክንድ ላይ ሁልጊዜ የሚታዩ ሦስት ስህተቶች አሉ። አንደኛ፣ ደም ብቅ እንዳለ ካኑላውን ሳይገፉ መርፌውን መሳብ ነው። ጫፉ ገባ ማለት ፕላስቲኩ ገባ ማለት አይደለም፤ ደም ከታየ በኋላ አንግሉን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይገፋል፣ ከዚያ ነው ፕላስቲኩ በመርፌው ላይ የሚንሸራተተው። ሁለተኛ፣ ቆዳውን በሌላው እጅ አለመወጠር። ሦስተኛ፣ የወጣውን መርፌ መልሶ ክዳኑ ውስጥ መክተት። ሦስተኛው በላብ ሲታይ ሥራው ይቁም። ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን) ከክንዱ አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ መኖር አለበት። ክፍሉ ጥግ ላይ ካስቀመጣችሁት ተማሪው መርፌ ይዞ እንዲሄድ እያስተማራችሁት ነው።

ደሙ፣ ትሮሊውና ወረቀቱ

ደሙን በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀይ የምግብ ቀለምና አንድ ጠብታ ሰማያዊ በማሟሟት አዘጋጁ፤ ሰማያዊዋ ከሌለች እንጆሪ ጭማቂ ይመስላል። ዱቄት ወይም ስታርች አትጨምሩ፣ የደም ሴቱን ማጣሪያ ይዘጋል። ጊዜው ባለፈ ባዶ የደም ከረጢት ወይም በተራ የሳላይን ከረጢት ሙሉትና ለጥፉበት።

ወረቀቱ ላይ ጊዜ አጥፉ፤ የትእይንቱ ወጥመድ ያለው እሱ ላይ ነው። ታካሚዋ የ34 ዓመት ሴት፣ ሄሞግሎቢኗ 5.8፣ የደም ዓይነቷ ኦ ፖዘቲቭ፣ የካርድ ቁጥሯ 048213 ነው። ይህ ሁሉ ቻርቷ ውስጥ ነው፤ የደም ዓይነቷ ሁለተኛው ገጽ ላይ። የመጣው ከረጢት ግን ኤ ፖዘቲቭ ነው። ላዩ ላይ የተሰቀለው የማዛመጃ ወረቀትም ኤ ፖዘቲቭ ይላል፤ ስሟና የአባቷ ስም ከታካሚዋ ጋር አንድ፣ የአያቷ ስም የተለየ፣ የካርድ ቁጥሩ 048231። ከረጢቱንና ወረቀቱን ብቻ የሚያስተያይ ተማሪ ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ያገኘዋል፤ ስህተቱ የሚገለጠው አልጋው አጠገብ ከታካሚዋና ከቻርቷ ጋር ሲመሳከር ነው። በእኛ አገር ስምና የአባት ስም መገጣጠም የዘወትር ነገር ስለሆነ ለትእይንቱ ተብሎ የተጋነነ አይደለም።

ሌላ፣ ትክክለኛ ከረጢትም በውጭ ተደብቆ ይዘጋጅ።

ትሮሊው ላይ የሚከተሉት ይኑሩ፦ አንድ የደም ሴት፣ ሁለት ተራ አይቪ ሴት፣ ኖርማል ሳላይን፣ ሪንገር ላክቴትና 5 በመቶ ዴክስትሮስ ሦስቱም ጎን ለጎን፣ ጓንት፣ ቴርሞሜትር፣ የግፊት መለኪያ፣ ሰዓት፣ የናሙና ጠርሙሶች፣ የቫይታል ሳይን መመዝገቢያና ስልክ። ሦስቱን ፈሳሾች አብራችሁ ያስቀመጣችሁት ሆን ብላችሁ ነው። ሪንገር ውስጥ ያለው ካልሲየም ደሙ እንዳይረጋ ከተጨመረበት ሲትሬት ጋር ተገናኝቶ ሊያረጋው ይችላል፤ ዴክስትሮስ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈነዳል። ከደም ጋር የሚሄደው ሳላይን ብቻ ነው። የተደናገጠ ተማሪ ለእጁ የቀረበውን ያነሳል።

ታካሚዋና አስታማሚዋ

ታካሚዋን ሰው ይተውን፤ ረዳት አስተማሪ ወይም ከፍ ያለ ባች ተማሪ ይሻላል። አልጋ ላይ ተኝታ የራሷን ክንድ ከብርድ ልብሱ ሥር ትደብቅና የስፖንጁ ክንድ በቦታው ይተኛ። መርፌ ለሰው አይቀርብም፤ ካኑላው ክንዱ ላይ አስቀድሞ ገብቶ በፕላስተር ታስሯል። ለዚህ ትምህርት ሰው ከማኒኪን ይበልጣል የምንለው ታካሚዋ «ወገቤን አመመኝ» ስትል ድምፅዋ ስለሚሰማ፣ ዓይኗም ስለሚታይ ነው። ሲምማንን የመሰለ ትልቅ ማኒኪን ያላቸው ትምህርት ቤቶች በማይክሮፎን ያናግሩታል፤ ይሠራል፣ ግን ተማሪው ፊቱን አይቶ አይደነግጥም።

ተዋናይዋን ሦስት ነገር አስጠንቅቋት። ምልክቱን አከታትላ እንጂ በአንዴ አታፍስሰው፦ መጀመሪያ «በረደኝ»፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ «መርፌው ያለበት ያቃጥለኛል»፣ ቀጥሎ «ወገቤን!»። ካልተጠየቀች አታብራራ። «ወይዘሮ እገሌ ነዎት?» ተብላ ከተጠየቀች ስሙ የእሷ ባይሆንም «አዎ» ትበል። ይህ ተንኮል አይደለም፤ ወርድ ላይ የሚያቃስት ሰው ነርስ ለጠየቀችው ሁሉ «እሺ፣ አዎ» ይላል። ትክክለኛው ጥያቄ «ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ ይንገሩኝ» ነው።

አስታማሚ ሁልጊዜ ይኑር። ያለ አስታማሚ የሚሠራ ትእይንት የውጭ አገር ቪዲዮ ይመስላል። አስታማሚው ደሙ ሲቆም ይነሳና «ሲስተር፣ ይሄን ደም ስንለምን ነው ያገኘነው፣ ለምን ይቆማል?» ይላል። ከዚያ በላይ አይጩህ። ተማሪው እጁ ከክላምፑ ሳይለይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊመልስለት ይገባል፤ አንዳንዱ አስታማሚውን ለማረጋጋት ብሎ ደሙን መልሶ ይከፍተዋል። ይህን ካያችሁ ጻፉት፣ በኋላ ወርቅ የሆነ ውይይት ይወጣዋል።

ላብ ለማሳየት ግሊሰሪንና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ግንባሯ ላይ ርጩ። የሽንት ከረጢት ካለ ሁለት አዘጋጁ፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ እንደ ጠቆረ ሻይ ያለ። ሁለተኛውን ረዳቱ በወቅቱ ይቀይረዋል።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ታብሌት ወይም ትልቅ ስልክ እንደ ሞኒተር፣ ሌላ ስልክ እንደ መቆጣጠሪያ የሚያገለግሉበት አፕሊኬሽን በነፃ ይገኛል። ሁለቱ በአንዱ ስልክ ሆትስፖት ይገናኛሉ፤ ብዙዎቹ ኢንተርኔት አይፈልጉም፣ ግን ከዋዜማው ዳታ አጥፍታችሁ ሞክሩት። መብራት ቢሄድ እንዳይቋረጥ ፓወር ባንክ ይሰካ።

ሞኒተሩ ላይ የልብ ምትና ኦክስጅን ብቻ ይታይ። ግፊት፣ ሙቀትና አተነፋፈስ በካርድ ይሰጡ፤ ሕጉም ይህ ነው፦ ያልለካ ቁጥር አያገኝም። ተማሪው ካፉን አስሮ ነፍቶ አየሩን እስኪያወጣ ድረስ አስተማሪው አጠገቡ ቆሞ ዝም ይላል፤ ሲጨርስ ካርዷን ያሳየዋል። ቴርሞሜትሩን አድርጎ ካልጠበቀ ካርዷ ኪስ ውስጥ ትቀራለች። «ግፊቷ ስንት ነው?» ብሎ ወደ አየር ለሚጠይቅ ተማሪ መልስ የለም። ይህች ትንሽ ሕግ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ትእይንቱን እውነተኛ ታደርገዋለች፤ ጊዜ የሚወስደው ሥራ ጊዜ ይወስዳል፣ ሁለት ነርስ ሥራ ካልተከፋፈለ እንደማይደርስም በግልጽ ይታያል።

በእርዳታ የመጣ ማኒኪን ወይም ኮምፕረሰር ካላችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን አንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ 110 ወይም 120 ቮልት ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። «100–240» የሚል ከሆነ ችግር የለም፣ አለበለዚያ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ያሉት 10 ደቂቃዎች

ክፍሉን አስጎብኟቸው። ክንዱን ይንኩት፣ ሳላይኑ የት እንዳለ ይዩ፣ ስልኩ የትኛውን ቁጥር እንደሚደውል ይወቁ። ዶክተሩ በስልክ ሌላ ክፍል ያለ አስተማሪ መሆኑን ንገሯቸው። «እንደማደርግ ቁጠሩት» የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የሚደረገው ሁሉ በእጅ እንደሚደረግ አስረግጡ። ማርክ እንደሌለውም ንገሩ፤ የምር እንዳይኖረውም አድርጉ። ልምምዱንና ፈተናውን አንድ ቀን ካደባለቃችሁ ተማሪው ስህተቱን ይደብቃል፣ እናንተም የምትወያዩበት ነገር ታጣላችሁ። ኦስኪ፣ ማለትም የተግባር ፈተናው፣ የራሱ ቀን አለው።

ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ፣ በአስተማሪው ስልክ ብቻ ቅረጹ፣ ከውይይቱ በኋላ አጥፉት። የጓደኛውን ድንጋጤ የባቹ ቴሌግራም ላይ ያየ ተማሪ ከዚያ ወዲያ እጁን አያነሳም።

ከስድስቱ ሁለቱ ነርስ፣ አንዱ በጥሪ የሚመጣ ረዳት ነርስ ይሁኑ። ሦስቱ ተመልካቾች ናቸው፤ ግን ለእያንዳንዳቸው የተለየ ሥራ ስጡ፦ አንዱ ሰዓት ይመዝግብ፣ አንዱ ማመሳከሩን፣ አንዱ ንግግሩን ይከታተል። ሥራ የሌለው ተመልካች በአራተኛው ደቂቃ ስልኩን ያወጣል።

ትእይንቱ

ርክክቡን አጭር አድርጉ፦ «አንድ ከረጢት ደም ታዞላታል፣ አሁን ከደም ባንክ መጥቷል፣ በ3 ሰዓት ውስጥ ይግባላት።» መነሻው ሙቀት 36.8፣ የልብ ምት 104፣ አተነፋፈስ 20፣ ግፊት 100 በ60፣ ኦክስጅን 95 ነው።

ጠብታውን ራሳቸው ያስሉ። ከረጢቱ 450 ሚሊ ሊትር፣ ሴቱ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፣ 450 በ20 ተባዝቶ ለ180 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 50 ጠብታ ይመጣል። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ግን ቀስ ብሎ፣ በደቂቃ አንድ ሚሊ ሊትር ማለትም 20 ጠብታ ያህል ነው። ከዚህ ጋር ሁለት ነገር ይታይ፦ ደሙ ከማቀዝቀዣ ከወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ መጀመሩ፣ በጠቅላላው ከ4 ሰዓት አለማለፉ። የሴቱ መጠን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ማሸጊያውን ያላነበበ ተማሪ ስሌቱን በልምድ እየገመተ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው።

ስህተቱን ያላገኙ ከሆነ አትናገሩ፤ ደሙን ይጀምሩ። በሁለተኛው ደቂቃ ታካሚዋ ትጀምራለች። ካርዶቹ፦ ሙቀት 38.6፣ የልብ ምት 128፣ አተነፋፈስ 28፣ ግፊት 84 በ50። ካቆሙትና ሳላይን ከጀመሩ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ግፊቱ ወደ 92 በ56 ይውጣ፣ ምቱ ወደ 118 ይውረድ። ምልክት ከታየ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ካላቆሙት ደግሞ 70 በ40፣ ምት 140፣ የሽንቱም ከረጢት ይቀየር። ታካሚዋ ግን አትሞትም። በመጀመሪያ ዓመታት ተማሪ እጅ ላይ ታካሚ መግደል የሚያስተምረው ፍርሃትን ነው።

ስህተቱን ካገኙ ከረጢቱን ይመልሳሉ፣ ሁለተኛው ይመጣላቸዋል፣ ይጀምራሉ። አስተማሪው የግድግዳ ሰዓቱን 30 ደቂቃ ወደፊት አዙሮ ጮክ ብሎ ይናገር። ታካሚዋ ብርድ ብርድ ይላታል፦ ሙቀት 38.3፣ ምት 116፣ ግፊት 104 በ62። ይህ ቀለል ያለ የትኩሳት ሪአክሽን ነው፤ ቢሆንም መጀመሪያ ላይ ከከባዱ ስለማይለይ እርምጃው ያው ነው፤ ማቆም። «ጎበዝ ስለሆንን አለቀ» ብሎ የተዝናናው ቡድን እዚህ ላይ ይፈተናል።

በሁለቱም መንገድ የምትጠብቁት ቅደም ተከተል፦ ክላምፑን ይዘጋሉ፣ ሰዓቱን ይናገራሉ። ካኑላውን አይነቅሉም፤ መስመሩ ከጠፋ ግፊቱ በወደቀ ሰው ላይ ሌላ ማግኘት ከባድ ነው። የደም ሴቱን ከካኑላው ነቅለው ሳላይን በአዲስ ሴት ይጀምራሉ። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ሳላይኑን በዚያው ሴት ላይ ይሰቅሉታል፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ደም ሁሉ ተገፍቶ ይገባል። ስፖንጁ ክንድ ላይ ቀዩ ውሃ ሲሄድ በዓይን ስለሚታይ ማስረዳት አያስፈልግም። ቀጥሎ ቫይታል ሳይን ይለካሉ፣ ስምና ከረጢት እንደገና ያመሳክራሉ፣ ሐኪም ይጠራሉ። ከረጢቱንና ሴቱን አይጥሉም፤ ከአዲስ የደም ናሙናና ከሽንት ናሙና ጋር ወደ ደም ባንክ ይልኩታል። ከረጢቱን ቅርጫት ውስጥ የሚከት ተማሪ በየባቹ አይጠፋም።

ስልኩን የሚያነሳው «ዶክተር» በኤስባር ቅደም ተከተል (ሁኔታው፣ የኋላ ታሪኩ፣ ግምገማው፣ የሚጠየቀው) ካልተነገረው ዝም ብሎ ይጠይቅ፦ «የቱ ወርድ? ማነው የሚያወራው? ግፊቷስ?» ለካርዱ ያልደረሰ ተማሪ «ጠብቁኝ» ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል፤ ይሄዳል፣ ይለካል፣ ይመለሳል። ያኔ ጊዜው አልፏል።

12 ደቂቃ ሲሞላ አቁሙ፤ ባያልቅም አቁሙ። በመሃል አስተማሪ አይግባ። የሚያሳክክ ቢሆንም አይግባ፤ የምትገቡበት ጊዜ እውነተኛ መርፌ ለእውነተኛ ሰው ሲቀርብ ብቻ ነው።

ዲብሪፊንግ

ትእይንቱ 12 ደቂቃ ከወሰደ ዲብሪፊንጉ፣ ማለትም ከትእይንቱ በኋላ የሚደረገው ውይይት፣ 25 ደቂቃ ይገባዋል። ከአልጋው ራቅ ብላችሁ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ፤ አስተማሪው ከቆመ ውይይቱ ሌክቸር ይሆናል። ተዋናይዋ ትገኝ።

ሦስት ደቂቃ ስሜት ይውጣ፣ «እንዴት ነበር?» በቂ ነው። ቀጥሎ ሰዓት የመዘገበው ተመልካች የሆነውን ያንብብ፣ ያለ አስተያየት፦ «ስንጀምር 2:05፣ በረደኝ ያለችው 2:07፣ የቆመው 2:10።» ይህ ወረቀት ክርክርን ያስቀራል። ሠርተው የወጡ ተማሪዎች ወዲያው ያቆሙት ይመስላቸዋል፤ ሦስቱን ደቂቃ ሲሰሙ ራሳቸው ይደነግጣሉ።

ከዚያ ያያችሁትን ተናግራችሁ የነበረውን ሐሳብ ጠይቁ። «ለምን አላቆማችሁም?» የፖሊስ ጥያቄ ነው፣ መልሱም «ይቅርታ» ነው። እንዲህ በሉ፦ «በረደኝ ስትል ብርድ ልብስ ደረባችሁላት። እኔ ያሰብኩት ደሙ ይቆማል ብዬ ነበር። በዚያ ሰዓት ምን እያሰባችሁ ነበር?» አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መልስ «ደም ማነስ ስላላት የበረዳት መሰለን» ነው። አሁን የምታርሙት ነገር አገኛችሁ፤ እውቀቱ አለ፣ ግን ለብርዱ ሌላ ምክንያት ሰጥተውታል። «ደም እየገባ የመጣ አዲስ ነገር ሁሉ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ከደሙ ነው» የሚለው ሕግ የሚተከለው ይኼኔ ነው።

እኛ ጋ የሚያስቸግረው ዝምታና ይሉኝታ ነው። ጓደኛን ፊት ለፊት መንቀፍ ነውር ስለሚመስል ሁሉም «ጥሩ ነበር» ይላል። ተመልካቾች አንድ የሚደግሙትንና አንድ የሚቀይሩትን ነገር ስም ሳይጠቅሱ በወረቀት ይጻፉና አስተማሪው ያንብበው። ጥያቄ ጠይቃችሁ ዝም ሲሉ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ሰባት ላይ አንዱ ይናገራል። ተዋናይዋንም ጠይቁ። «ሁላችሁም ከረጢቱን ነበር የምታዩት፣ እኔን ያየኝ የለም» ስትል የሚሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር የአስተማሪን አሥር ይተካል።

ስህተቱን ካገኘ ቡድን ጋር ደግሞ የትኛው እርምጃ እንዳስገኘው ለዩ። በዕድል ያገኘ ቡድን ነገ ያልፈዋል። ለሁለቱም ቡድን ይህን ጥያቄ አንሱ፦ ወረቀቱም፣ ካርዱም፣ ከረጢቱም አንድ ሆኖ ሳለ ከባድ ሪአክሽን ሊመጣ ይችላል? ይችላል፤ ናሙናው በተቀዳበት ሰዓት ጠርሙሱ ላይ የሌላ ሰው ስም ከተጻፈ። ጠርሙስ የሚጻፈው አልጋው አጠገብ፣ ከተቀዳ በኋላ ወዲያው ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላ ርእስ አትጨምሩ። የጓንት አወላለቅን፣ የቻርት አጻጻፍንና የአልጋ አነጣጠፍን በአንድ ውይይት ያጨቀ አስተማሪ አንዱንም አላስተማረም።

ውይይቱ እንዳለቀ ሁለቱ ነርሶችና ተመልካቾቹ ቦታ ተለዋውጠው ወዲያው ይድገሙት፣ በሌላ ካርድ ቁጥርና በሌላ መንገድ። ድግግሞሹ ከ10 ደቂቃ አያልፍም። ሰዓቱ ከቀረ ከውይይቱ ላይ ቀንሱ እንጂ ይህን አትሰርዙ።

ኃላፊዎች «ይህ የወርድ ሰዓትን ይተካል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ የሚጠቀሰው የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት ነው፤ በ10 የነርሲንግ ፕሮግራሞች ውስጥ እስከ ግማሽ የሚሆነው የክሊኒካል ሰዓት በሲሙሌሽን ሲተካ የተማሪዎቹ ውጤት አልቀነሰም። ግን አስተማሪዎቹ ለዚሁ የሠለጠኑ ነበሩ፣ ዲብሪፊንጉም በሥርዓቱ ይካሄድ ነበር። ማኒኪን ገዝቶ አስተማሪ ሳያሠለጥኑ ይህን ጥናት መጥቀስ አያስኬድም።

ከዚያ በኋላ

ቱቦውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ሁለቱንም ጫፍ ከፍታችሁ ስቀሉት፤ ተጠቅልሎ ካደረ ይሻግታል። ቀይ ውሃው በዚያው ቀን ይደፋ። የፋብሪካ ማኒኪን ቆዳ ላይ የእስክርቢቶ ቀለም፣ የጋዜጣ ወረቀትና አዮዲን አታስጠጉ፤ የገባው ቀለም አይለቅም። ጽዳቱ በለብ ያለ ውሃና በቀላል ሳሙና ነው፣ ከዚያ አድርቆ ታልክ ፓውደር መነስነስ።

የመጨረሻውን ነገር ግን በጣም ጥብቅ አድርጉት። ላብ ውስጥ ያለ ፈሳሽ፣ ካኑላና መድኃኒት ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን «ለልምምድ ብቻ» ተብሎ በቀይ ይጻፍበት፣ በተቆለፈ ቁምሳጥን ለብቻው ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለሥልጠና የተሠራ የማስመሰያ ሳላይን በስህተት ክሊኒኮች ደርሶ ከ40 በላይ ለሆኑ ሰዎች ተሰጥቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያዛቸው። እኛ ጋ ስኪል ላቡና ሆስፒታሉ አንድ ግቢ ውስጥ ባሉበት፣ ወርድ ላይም ሳላይን ያለቀ ዕለት «እስቲ ከላብ አምጣ» መባሉ የታወቀ ነው። የቁምሳጥኑ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ይሁን፣ የወጣውና የተመለሰው በየዕለቱ ይቆጠር።